ባሕር ዳር ላይ ቤትን በቀን ለማከራየት፦ ከካርታው እስከ ሮቶው

ባሕር ዳር ውስጥ ትርፍ ክፍል ወይም ባዶ የቆመ ቪላ ያለው ሰው «በወር ከማከራይ በቀን ባከራይ» ብሎ ማሰቡ ተገቢ ነው። ለጥምቀት የሚመጣ አለ፣ ለሠርግ የሚመጣ አለ፣ ልጁን ለማስመረቅ ቤተሰብ ይዞ የሚመጣ አለ። በፈለገ ሕይወት ወይም በጥበበ ግዮን ሆስፒታል ታማሚ ያስተኛ ዘመድ ደግሞ በዓል አይጠብቅም፤ ዓመቱን ሙሉ አልጋ ይፈልጋል። ገበያው አለ። ቤቱን ለኪሳራ የሚዳርገው ባለቤቱ የሚከተለው ቅደም ተከተል ነው። ብዙ ሰው መጀመሪያ ፍራሽና ቴሌቪዥን ይገዛል፣ ቀጥሎ ደላላ ይይዛል፣ ስለ ፈቃድ የሚያስበው የቀበሌ ወይም የገቢዎች ሠራተኛ በሩን ካንኳኳ በኋላ ነው። ይህ መመሪያ ቅደም ተከተሉን ይገለብጠዋል። ቤቱ በሕግ ፊት ምን እንደሆነ ሳይለይ አንድ አንሶላ እንኳ አይግዙ።

መጀመሪያ መንገዱን ይምረጡ

ለግል ቤት ባለቤት ሕጉ የከፈተለት መንገድ ሁለት ነው፤ ሦስተኛ የለም።

አንደኛው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ነው። የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 አከራይና ተከራይ በጽሑፍ እንዲዋዋሉ፣ ውሉንም በተፈረመ በ30 ቀን ውስጥ እንዲያስመዘግቡ ያዛል። የውሉ ዘመን ከ2 ዓመት አያንስም። ቅድመ ክፍያ ከ2 ወር ኪራይ አይበልጥም፤ ክፍያው በባንክ ወይም በኤሌክትሮኒክ መንገድ ይፈጸማል። ጭማሪ የሚደረገው በዓመት አንዴ፣ ተቆጣጣሪው አካል በሚያወጣው ልክ ነው። አዋጁ በክልሎች ውስጥ የሚሠራው ክልሎቹ በሚወስኗቸው ከተሞች በመሆኑ፣ ቤቱ ያለበት ክፍለ ከተማ ውል የሚመዘግበው በየትኛው ጽሕፈት ቤትና በምን ቅጽ እንደሆነ ጠይቀው ይጀምሩ።

ሁለተኛው መንገድ የእንግዳ ማረፊያ ነው። የመኖሪያ ኪራይ አዋጁ ሰው ኑሮውን ለሚመሠርትበት ቤት የወጣ ነው፤ እንግዳ አድሮ ለሚሄድበት አገልግሎት አይደለም። አልጋ በቀን የሚሸጥ ሰው ነጋዴ ነው። የንግድ ምዝገባ፣ የንግድ ፈቃድ፣ ከባህልና ቱሪዝም የብቃት ማረጋገጫ ያስፈልገዋል፣ ግብሩም በንግድ ገቢ ይሰላል።

ባለቤቱን የሚጎዳው በሁለቱ መካከል መቆም ነው። ለምሳሌ «ፈርኒሽድ» ብሎ ለአንድ ድርጅት ሠራተኛ ለሦስት ወር የሰጠ ሰው አለ። ለመኖሪያ ኪራይ እንዳይባል ውሉ 2 ዓመት አይሞላም፣ ለእንግዳ ማረፊያ እንዳይባል ፈቃድ የለውም። እንግዳው ሳይከፍል ቢቀር ወይም አልወጣም ቢል ባለቤቱ ይዞ የሚከስበት ሰነድ ደካማ ነው፤ ተከራዩ በበኩሉ ውሌ የመኖሪያ ኪራይ ነው፣ 2 ዓመት ይገባኛል ብሎ ሊከራከር ይችላል። ስለዚህ በሳምንትና በወር የሚቆይ እንግዳ ለመቀበል ካሰቡ ከመጀመሪያው የእንግዳ ማረፊያውን መንገድ ይያዙ። ከእንግዳው ጋር የሚፈራረሙትም የኪራይ ውል ሳይሆን የማረፊያ አገልግሎት ውል ይሁን፤ የክፍሉ ቁጥር፣ የመግቢያና የመውጫ ቀን፣ የአዳር ዋጋ፣ በዋጋው ውስጥ ያለው አገልግሎት (ጽዳት፣ አንሶላ፣ ውሃ፣ መብራት) ተዘርዝሮ ይጻፍበት።

ካርታውን ይዘው ይቀመጡ

ከማንኛውም ቢሮ በፊት የይዞታ ማረጋገጫውን አውጥተው የአገልግሎት ዓይነቱን ያንብቡ። «መኖሪያ» የሚል ካርታ ላይ ንግድ ለመክፈት ከመሬትና ከከተማ ፕላን ባለሙያ ጋር መነጋገር ግድ ነው። የሊዝ ሕጉ ቦታውን ለተፈቀደለት አገልግሎት ብቻ ማዋልን ያዛል፣ የሕንፃ ሕጉም የሕንፃ አገልግሎት ሲለወጥ ፈቃድ ይጠይቃል። ጥያቄዎን በቃል አያቅርቡ። የካርታውን ኮፒ አያይዘው በማመልከቻ ይጠይቁ፣ መልሱንም በደብዳቤ ይቀበሉ። «ችግር የለውም» ያለዎት ባለሙያ በሚቀጥለው ዓመት በሌላ ወንበር ላይ ሊሆን ይችላል፤ ደብዳቤው ግን ፋይል ውስጥ ይቆያል።

ሐይቁ ዳር ያለ ቤት ጥንቃቄው ይበልጣል። ጣና ከ2015 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዩኔስኮ የተመዘገበ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ነው፤ በከተማው ፕላን ለሐይቁ ዳርቻ በተከለለ ቦታ ላይ የሚጨመር ሰርቪስ ቤት፣ በረንዳ ወይም የፍሳሽ ጉድጓድ ቤቱን ሁሉ ወደ ክርክር ሊጎትት ይችላል። በሐይቁ በኩል የተመዘገበው ይዞታዎ ወሰን የት ላይ እንደሚያበቃ በቀያሽ ሳያስለኩ አንድ ብሎኬት አይደርድሩ።

ቤቱ የባልና የሚስት ከሆነ የሁለቱም ፊርማ ይኑር። ውርስ ከሆነና ገና ካልተከፋፈለ የሁሉም ወራሾች ስምምነት ያስፈልጋል፤ አንዱ ወራሽ ቅር ብሎት ለንግድ ቢሮ አቤቱታ ካስገባ የፈቃዱ ሥራ ይቆማል። በባንክ ብድር የተያዘ ቤት ከሆነ የብድር ውሉን ያንብቡ፤ ያለ ባንኩ ፈቃድ ማከራየትን የሚከለክል አንቀጽ የተለመደ ነው። ኮንዶሚኒየም ከሆነ የማኅበሩን መተዳደሪያ ደንብ ይመልከቱ፣ ከኮሚቴው የስምምነት ደብዳቤ ያግኙ። የቀበሌ ቤት ከሆነ ግን ሐሳቡን እዚሁ ያቁሙት፤ የመንግሥትን ቤት ለሦስተኛ ወገን አሳልፎ ማከራየት ቤቱን ራሱን ያስነጥቃል።

ባለቤቱ ውጭ አገር ከሆነ ወንድም ወይም እህት በስልክ ትእዛዝ ብቻ ሊያከራዩለት አይችሉም። ውክልናው በኤምባሲ ወይም በቆንስላ ተሰጥቶ፣ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ተረጋግጦ፣ በሰነዶች ማረጋገጫ መመዝገብ አለበት። አብዛኛው ውክልና የሚወድቀው በቃላቱ ነው፤ «ቤቴን እንዲያስተዳድርልኝ» የሚል ብቻ ከሆነ ንግድ ቢሮ ይመልሰዋል። «በስሜ የንግድ ምዝገባና ፈቃድ እንዲያወጣ፣ እንዲያሳድስ፣ እንዲመልስ፣ ግብር እንዲያሳውቅና እንዲከፍል፣ የባንክ ሂሳብ እንዲያንቀሳቅስ» የሚል ዝርዝር ይኑርበት።

ፈቃዱ የሚወጣበት ቅደም ተከተል

የሚጀመረው በገቢዎች ነው፤ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር (ቲን) ይወጣል። ቲን ካለዎት አዲስ አያስፈልግም፤ ሁለት ቲን መያዝ ራሱ ጥፋት ነው። ከዚያ ወደ ንግድና ገበያ ልማት ሄደው የንግድ ምዝገባውን ይሞላሉ፤ መታወቂያ ወይም ፋይዳ፣ ፎቶ፣ ካርታ ወይም ውክልና ይዘው ይቅረቡ። መጠሪያ ስም ከፈለጉ በዚሁ ጊዜ ያስመዝግቡ። የሥራ ዘርፉን ሲመርጡ ጊዜ ይውሰዱ። ቤት ማከራየትና እንግዳ ማሳደር ሁለት የተለያዩ መደቦች ናቸው፤ በስህተት የመጀመሪያው ከተጻፈ የብቃት ማረጋገጫው ከፈቃዱ ጋር አይገጥምም፣ ሁሉንም እንደገና ያስጀምርዎታል።

የብቃት ማረጋገጫውን የሚሰጠው ባህልና ቱሪዝም ነው። ባለሙያ ቤቱ ድረስ መጥቶ ያያል፤ የክፍሎቹን ስፋት፣ መስኮትና አየር፣ መታጠቢያና መጸዳጃ ቤት፣ የእሳት ማጥፊያ፣ ንጽሕና፣ የእንግዳ መዝገብ። መስፈርቱን በጽሑፍ ተቀብለው፣ ቤቱን በዚያው ዝርዝር ራስዎ መርምረው፣ ከዚያ ብቻ ባለሙያውን ይጥሩ። ፍራሽና አልጋ የሚገዛው አሁን ነው፤ ከመስፈርቱ በኋላ፣ ከጉብኝቱ በፊት። ምግብ የሚያቀርቡ ከሆነ ጉዳዩ ወደ ጤናም ይሄዳል፤ ምግብ የሚነካ ሠራተኛ የጤና ምርመራ ያስፈልገዋል። ለመጀመሪያው ዓመት ከቡናና ከቁርስ ባያልፉ ይመከራል።

ንግድ ፈቃድ በየዓመቱ ይታደሳል፤ በጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ይጀምራል። ለእድሳት የግብር ክሊራንስ (የግብር ዕዳ የለበትም የሚል ማስረጃ) ያስፈልጋል፣ ክሊራንስ ደግሞ ግብሩ ሳይከፈል አይገኝም። ስለዚህ የግብሩን ሒሳብ ሐምሌ ላይ የጨረሰ ሰው እድሳቱም ይቀለዋል።

ግብሩ የት ይወድቃል

በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 97 መሠረት በክልሉ ውስጥ ያለ ግለሰብ ነጋዴና የግል ቤት አከራይ ግብር የሚከፍለው ለክልሉ ነው። ጉዳይዎ የሚታየው በከተማው ገቢዎች እንጂ በፌዴራል ገቢዎች አይደለም። ይህ በተግባር ትልቅ ልዩነት አለው። የፌዴራል የገቢ ግብር አዋጅ 979/2008 በ2017 በወጣው አዋጅ 1395/2017 ሲሻሻል የገቢ ደረጃዎቹ ተለውጠዋል፤ በየስልኩ የሚዘዋወረው ሠንጠረዥ ግን አሮጌው ሊሆን ይችላል። ለእርስዎ የሚሠራውን ሠንጠረዥ ከሚከፍሉበት ቅርንጫፍ በወረቀት ይቀበሉ።

በገቢ ግብር አዋጁ በወር የሚከራይ ቤት በሠንጠረዥ «ለ» (የኪራይ ገቢ)፣ እንግዳ ማረፊያ በሠንጠረዥ «ሐ» (የንግድ ገቢ) ይታያል። በሁለቱም ከፍተኛው ምጣኔ 35 በመቶ ነው። ልዩነቱ ያለው በሚቀነሰው ወጪ ላይ ነው። የሒሳብ መዝገብ የሚይዝ እንግዳ ማረፊያ ደረሰኝ ያለውን ወጪ ይቀንሳል፦ የሠራተኛ ደመወዝ፣ ሳሙና፣ መብራት፣ ጥገና፣ የአልጋና የማሞቂያ እርጅና። ደረሰኝ የሌለው ወጪ ግን እንዳልወጣ ይቆጠራል፤ ፍራሹን ያለ ደረሰኝ በርካሽ የገዛ ሰው ርካሽነቱን ግብር ላይ መልሶ ይከፍለዋል።

ተጨማሪ እሴት ታክስ 15 በመቶ ነው። የመኖሪያ ኪራይ ከዚህ ታክስ ነፃ ነው፣ የአዳር አገልግሎት ግን ነፃ አይደለም፤ ስለዚህ የዓመት ሽያጭዎ የምዝገባውን ወሰን ሲጠጋ ዋጋዎ ውስጥ ታክሱ መካተቱን አስቀድመው ይወስኑ። ከተመዘገቡ የሽያጭ መመዝገቢያ መሣሪያ ይገባል፤ ካልተመዘገቡም ደረሰኝዎ በገቢዎች ፈቃድ የታተመ መሆን አለበት።

ብዙ ባለቤት የማያውቀው ደግሞ ይኼ ነው። እንግዳዎ የድርጅት ሠራተኛ ከሆነና ድርጅቱ ከከፈለ፣ ቅድመ ግብር ቀንሶ ይከፍልዎታል። የተቀነሰበትን ደረሰኝ ከያዙ በዓመቱ መጨረሻ ከግብርዎ ላይ ይታሰባል። ቲን እና ፈቃድ ለማያቀርብ ሰው ግን 979/2008 ከሚከፈለው ላይ 30 በመቶ እንዲቀነስ ያዛል። ያለ ፈቃድ የሚሠራ ቤት ከባሕር ዳር ምርጥ ደንበኞች፣ ማለትም ከድርጅቶችና ከፕሮጀክት ሠራተኞች፣ የሚገለለው በዚህ ምክንያት ነው።

ከመግባትዎ በፊት ሒሳቡን ይሥሩ

ባለ ሦስት መኝታ ቤት በወር 15,000 ብር ይከራያል እንበል፤ ቁጥሮቹ ለምሳሌ ናቸው፣ በራስዎ ይተኳቸው። በቀን ሲሸጥ አንዱ አልጋ 1,000 ብር ቢሆን፣ ከዚህ ላይ አጠባ፣ ሳሙናና ጽዳት 200 ይወስዳል፤ 800 ይቀራል። የጽዳትና የጥበቃ ደመወዝ 6,000፣ መብራትና ውሃ 3,000፣ ሦስቱን ክፍል ለማሟላት የወጣው 270,000 ብር በአምስት ዓመት ሲካፈል በወር 4,500። እነዚህ ከ15,000ው ጋር ሲደመሩ 28,500 ይሆናሉ። 28,500 ለ800 ሲካፈል 36 አዳር ነው። ሦስት ክፍል በወር 90 አዳር አለው፤ እንግዲህ ከመቶ 40 እጁ ካልሞላ በወር ማከራየቱ ይሻል ነበር ማለት ነው። ግብርና የድረ ገጽ ኮሚሽን ገና አልገባም።

በጥርና በመስከረም 40 በመቶ ቀላል ይመስላል። የሚፈትነው ሐምሌና ነሐሴ፣ ወይም መንገድ የተዘጋበትና የሰዓት እላፊ የታወጀበት ወር ነው። ከ2015 መጨረሻ ወዲህ ባለው የጸጥታ ሁኔታ በቱሪስት ብቻ ተማምኖ ቤት ማሟላት አይመከርም። ቤቱ ለሆስፒታል ቅርብ ከሆነ ለአስታማሚ በሚስማማ ዋጋና ሁኔታ ያዘጋጁት፦ የጋራ ወጥ ቤት፣ ሌሊት የሚከፍት ጠባቂ፣ የሳምንት ዋጋ። ይህ ደንበኛ ፎቶ አይቶ አይመርጥም፤ ንጹሕ አልጋና ሙቅ ውሃ ካገኘ ለሌላው ይናገርልዎታል።

መብራት

በቀን የሚከራይ ቤት ውስጥ ቶሎ የሚበላሸው ይህ ነው፤ ሰውም የሚጎዳው እዚህ ነው። ለአንድ ቤተሰብ የተዘረጋ መስመር ሦስት ሻወር በአንድ ጊዜ እንዲሸከም አልተሠራም።

ሒሳቡ ቀላል ነው፤ ዋትን ለ220 ያካፍሉ። ሻወሩ ራስ ላይ የሚገጠመው ፈጣን ማሞቂያ 5,500 ዋት ከሆነ 25 አምፔር ይስባል። ሦስቱ ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ በአንድ ጊዜ ሲከፈቱ 75 አምፔር ነው፤ የተለመደው የመኖሪያ ቆጣሪ አይችለውም። ባለ ጋን ማሞቂያ ግን 1,500 ዋት ነው፤ ወደ 7 አምፔር። ሦስቱ አብረው 21 አምፔር ግድም ይሆናሉ። ስለዚህ ቆጣሪው ባለ አንድ ፌዝ ከሆነ በየክፍሉ ከ30 እስከ 50 ሊትር የሚይዝ ባለ ጋን ይግጠሙ። በዚሁ መስመር ላይ 3,500 ዋት የሚሆን የኤሌክትሪክ ምጣድ ካለ ሌላ 16 አምፔር ይጨምራል፤ እንጀራ የሚጋገረው እንግዳ ከታጠበ በኋላ ይሁን፣ አለዚያ ባለ ሦስት ፌዝ ቆጣሪ ያመልክቱ።

ለባለ ጋኑ 2.5 ካሬ ሽቦና የ16 አምፔር ብሬከር፤ ለፈጣኑ 6 ካሬ ሽቦና የ32 አምፔር ብሬከር፤ እያንዳንዱ ማሞቂያ ለብቻው መስመር። ብሬከሩ ቶሎ ቶሎ ይወርዳል ብሎ በ2.5 ሽቦ ላይ 32 የሚያስገባ ኤሌክትሪሺያን ካጋጠመዎት ያሰናብቱት። ያኔ ብሬከሩ ሳይወርድ ሽቦው ግድግዳ ውስጥ ይቀልጣል። ከሁሉ በላይ ኧርዝ ያስፈልጋል፤ መሬት የተቀበረ ዘንግና ከዚያ እስከ እያንዳንዱ ማሞቂያ የሚደርስ አረንጓዴ-ቢጫ ሽቦ። የመታጠቢያ ቤቶቹ መስመር ላይ 30 ሚሊ አምፔር የሚቆርጥ የሊኬጅ መከላከያ ይጨመር። መከላከያው ላይ ያለችውን የመሞከሪያ ቁልፍ በየወሩ ይጫኑ፤ ወዲያው ካልወረደ ተበላሽቷል፣ መከላከያው ሳይለወጥ ክፍሎቹ አይከራዩ።

ሥራው ሲያልቅ ይሄን ፈተና ያድርጉ። ሦስቱንም ማሞቂያ ከቀዝቃዛ ውሃ ጀምረው አብረው ያብሩ፣ ምጣድ ካለም ይክፈቱ፣ 20 ደቂቃ ይጠብቁ። ከዚያ የብሬከር ሳጥኑን ክዳን ከውጭ በእጅዎ ጀርባ ይንኩ። ለብ ማለቱ ደህና ነው። የሚያቃጥል ወይም የተቃጠለ ፕላስቲክ የሚሸት ከሆነ ዋናውን አጥፍተው ኤሌክትሪሺያኑን መልሰው ይጥሩ፤ አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ በደንብ ያልጠበቀ ብሎን ነው።

የቆጣሪው ታሪፍ የመኖሪያ ከሆነ ወደ ንግድ እንዲዞር ያመልክቱ። ሳያዞሩ ቆይተው ሲደረስበት የሚመጣው ሒሳብ ያለፈውንም ጭምር ሊሆን ይችላል።

ውሃና ፍሳሽ

ለአንድ እንግዳ በቀን 100 ሊትር ያስቡ። ሦስት ክፍል በሁለት በሁለት ሰው 600፣ ለአጠባና ለጽዳት 200፤ በድምሩ 800 ሊትር። ባለ 2,000 ሊትር ሮቶ ሁለት ቀን ተኩል ይዘልቃል፤ ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ከዚህ ያነሰ አይግዙ። ሲሞላ 2 ቶን ነው። ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ በእንጨት ርብራብ አይሰቀልም፤ የብረት ማማ ወይም ሶሌታ ይፈልጋል። የሮቶው ወለል ከሻወሩ ራስ ቢያንስ 2 ሜትር ከፍ ይበል፣ ያነሰ ከሆነ ውሃው ይንጠባጠባል እንጂ አይወርድም፤ ያኔ ግማሽ ፈረስ ጉልበት ያላት ትንሽ ፓምፕ ያስፈልጋል።

ሮቶውን በየሦስት ወሩ ይጠቡ። ጭቃውን ካወጡ በኋላ 2,000 ሊትር ሞልተው 5 በመቶ የሆነ በረኪና 2 ሊትር ይጨምሩ፣ ቧንቧዎቹን ሁሉ ሽታው እስኪመጣ ከፍተው ይዝጉ፣ አንድ ሌሊት ያሳድሩት። ጠዋት ያንን ውሃ በሻወርና በመጸዳጃ በኩል አያፍስሱት፤ በሴፕቲክ ታንኩ ውስጥ ቆሻሻውን የሚያብላላውን ተህዋስ ይገድለዋል። በጎማ ወደ ደረቅ መሬት ያውጡት፣ ወደ ሐይቁና ወደ ቦይ እንዳይሄድ ተጠንቅቀው፤ ከዚያ በንጹሕ ውሃ ያለቅልቁ።

የሐይቁ ዳር ሰፈሮች ችግር ክረምት ላይ የከርሰ ምድር ውሃ መቅረቡ ነው። ሰኔ ላይ ደህና ይወርድ የነበረ መጸዳጃ ነሐሴ ላይ ይጉረመረማል፣ ቀጥሎ ወደ ላይ ይመልሳል። ታንኩ ሞልቶ ብቻ አይደለም፤ የሚሰርግበት አፈር ራሱ ውሃ ጠግቧል። ማስመጠጥ ያለብዎት ግንቦት ላይ ነው። የፕላስቲክ ታንክ ከሆነ በክረምት መሐል ባዶ ማድረግ አደገኛ ነው፤ ባዶውን ታንክ ከሥር ያለው ውሃ ወደ ላይ ገፍቶ ቧንቧዎቹን ይሰብራቸዋል። ፍሳሹን በድብቅ ቱቦ ወደ ጣና የሚለቅ ቤት ፈቃዱን ማጣቱ የሚገባ ነው። ሐይቁን የእንቦጭ አረም ይዞታል፤ አረሙም ከቆሻሻና ከደለል የሚገባውን ንጥረ ነገር እያገኘ ይስፋፋል።

ትንኝና እሳት

ባሕር ዳር ወባማ ናት፤ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ይበረታል። በየመስኮቱ ወንፊት፣ በየአልጋው በኬሚካል የተነከረ አጎበር ይኑር። አጎበሩን ከሦስት ወር በላይ እየዘገዩ፣ በለስላሳ ሳሙና ብቻ ይጠቡት፣ ጥላ ሥር ያድርቁት፤ በረኪናና ፀሐይ መድኃኒቱን ያጠፉታል። ከአንሶላ ጋር ማሽን ውስጥ የሚከት ሠራተኛ ጥቂት ወራት ውስጥ ተራ መረብ ያደርገዋል። ለእሳት በየፎቁ 6 ኪሎ የዱቄት ማጥፊያ፤ መርፌው አረንጓዴ ላይ መሆኑን በየወሩ ይዩ። የሲሊንደር ጋዝ መኝታ ቤት ውስጥ አይገባም።

መዝገቡ

ፖሊስም ቱሪዝምም ገቢዎችም መጥተው መጀመሪያ የሚጠይቁት የእንግዳ መዝገብ ነው። ገጾቹ ቁጥር ያላቸው ትልቅ መዝገብ ይግዙ። ሙሉ ስም፣ የመታወቂያው ዓይነትና ቁጥር፣ የመጣበት ከተማ፣ ስልክ፣ የክፍል ቁጥር፣ የገባበት ቀንና ሰዓት፣ የወጣበት ቀንና ሰዓት፣ የደረሰኝ ቁጥር፣ ፊርማ። አብሮ የሚያድር ሰው ሁሉ የራሱ መስመር ይኑረው፤ «ከነባለቤቱ» ብሎ መጻፍ አይበቃም። የውጭ ዜጋ ከሆነ የፓስፖርት ቁጥር፣ የቪዛ ዓይነትና የሚያበቃበት ቀን ይጨመራል። የእንግዳ ዝርዝር ለፖሊስ የሚቀርብበትን ቅጽና ሰዓት ከአካባቢዎ ፖሊስ ጣቢያ በሥራው መጀመሪያ ቀን ይውሰዱ። የደረሰኝ ቁጥሩን ከስሙ ጎን መጻፍ የግብር ክርክርን ያሳጥራል፤ ገቢዎች አዳሩን ከሽያጩ ጋር ሲያመሳክር መዝገቡ ራሱ ይናገራልና።

መታወቂያ የሌለው ሰው፣ የሚያውቁት ሰው ዘመድ ቢሆን እንኳ፣ አይደር። በሰዓት አያከራዩ። የሰዓት ኪራይ ከጎረቤት ጋር ያጣላል፣ ፖሊስ ያመላልሳል፣ ቤተሰብ ይዞ የሚመጣውን ደንበኛ ያርቃል። የመታወቂያ ፎቶ ኮፒ ደግሞ ጠረጴዛ ላይ አይጣል፤ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የሰውን መረጃ የያዘ ሁሉ እንዲጠብቀው ያስገድዳል። በቁልፍ ይዝጉበት፣ በስልክ አንስተው ለደላላ አይላኩ።

በር ጀርባ የሚለጠፍ አንድ ወረቀት ብዙ ጥያቄ ያስቀራል፦ የጠባቂው ስልክ፣ ማሞቂያው ከመታጠብ ስንት ደቂቃ በፊት እንደሚበራ፣ የባጃጅ ሰዓት ገደብ ካለ እሱ፣ ሐይቁ ውስጥ መዋኘት ቢልሃርዚያ እንደሚያስይዝ። ወደ ገዳማት ለሚሄድ እንግዳ ጀልባ ጠዋት እንደሚሻል፣ ሴቶች ወደ ክብራን ገብርኤል እንደማይገቡ፣ ዘጌ ያለው ኡራ ኪዳነ ምሕረት ግን እንደሚያስገባ ይጻፉ። ጀልባውን ራስዎ አይሽጡ፤ እሱ ሌላ ፈቃድ ነው።

ማስታወቂያና ደላላ

በኢንተርኔት የማረፊያ ገጽ ላይ መመዝገብ ፈቃድ ማለት አይደለም፤ ገጹ ፈቃድ ሳይጠይቅ ቢቀበልዎትም የከተማው ሕግ በእርስዎ ላይ ይሠራል። ፎቶው ገቢዎችም የሚያየው ማስረጃ ነው። ዋጋ በብር ይጻፉ፣ የውጭ ምንዛሪ በባንክ በኩል ብቻ ይግባ። ለደላላ የሚከፍሉትን በደረሰኝ ወይም በባንክ ይክፈሉ፣ ቁልፍ ግን አይስጡት፤ ባለቤቱ በማያውቀው አዳር ለሚፈጠር ወንጀልም ለሚቀር ግብርም ተጠያቂው በፈቃዱ ላይ ስሙ ያለው ሰው ነው።

ሥራውን ለማቆም ወይም ቤቱን ወደ ወር ኪራይ ለመመለስ ሲወስኑ በሩን ዘግተው ብቻ አይተዉት። ያልተመለሰ ፈቃድ እንደሚሠራ ይቆጠራል፣ በየዓመቱም የግምት ግብር ይከመርበታል። ሥራው በቆመ በ30 ቀን ውስጥ ለገቢዎች ያሳውቁ፣ ያልተጠቀሙባቸውን ደረሰኞች በቁጥር ያስረክቡ፣ ክሊራንስ ወስደው ፈቃዱን ለንግድና ገበያ ልማት ይመልሱ፣ የመለሱበትንም ደብዳቤ ከካርታው ጋር ያኑሩት። የቆጣሪውን ታሪፍ ወደ መኖሪያ ማስመለስም አይርሱ።